የእናቴን ነጠላ ልቁረጠው ወይ?

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። በአረጋውያን መንከባከቢያ ከሰዓት በኋላ ከ3 እስከ ሌሊት 11 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እወዳለሁ፣ ደብተርና እርሳስ ከቦርሳዬ አይጠፋም። እዚህ ደግሞ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት ኩዊልት፣ ማለትም ከጨርቅ ቁራጭ እየተገጣጠመ የሚሰፋ ብርድ ልብስ፣ መስፋት አስተማረችኝና ፍቅሩ ያዘኝ። ችግሬ ክረምቱ ነው። ኅዳር ሲገባ እጄ ይታሰራል። ውጭ ወጥቶ መሳል አይታሰብም፣ ቶሎ ይመሻል፣ የጀመርኳቸው ኩዊልቶች ተቆልለዋል። የምግብ ጠረጴዛችን በጨርቅ ስለተሞላ ባለቤቴ ይነጫነጫል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ አንዱን ምረጪ› አለችኝ። ሌላም አለ። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። እህቴ ነጠላዋን ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። ኩዊልት ውስጥ ላስገባው እመኛለሁ፣ ግን መቀስ ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ስነግራት ‹የሟች ልብስ ቆራርጠሽ ድሪቶ ልታደርጊው?› ብላ ተቆጣች። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ለእናት ሐዘን ሁለት ዓመት ምንም አይደለም። እጅሽ ቢንቀጠቀጥ አይግረምሽ።

ስለ ነጠላው የምልሽ ብዙ ነው። ግን ከሌላው ልጀምር። ለወራት እርሳስም መርፌም ያልነካ እጅ የእናቱን ነጠላ ለመቁረጥ መነሳት የለበትም። መጀመሪያ እጅሽ ይፍታታ።

ጓደኛሽ የጠቀሰችው ተረት ለብዙ ነገር እውነት ነው። ሁለት ሥራ፣ ሁለት ትምህርት፣ ሁለት ንግድ አንድ ላይ ለሚጀምር ሰው እኔም እጠቅሰዋለሁ። ላንቺ ግን አይሆንም፤ አንቺ የወጣሽው አንድ ዛፍ ላይ ነው። ሃሪየት ፓወርስ የምትባል ሴት በ1837 አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ በባርነት ተወለደች። ከሠራቻቸው ኩዊልቶች እስከ ዛሬ የተረፉት ሁለት ናቸው። አንዱ ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን፣ ሌላው ቦስተን በሥነ ጥበብ ሙዚየሙ አለ። አዳምና ሔዋን፣ መላእክቱ፣ እንስሳቱ ሁሉ ከጨርቅ ተቆርጠው በየሳጥናቸው ተሰፍተዋል። ፎቶአቸውን ፈልገሽ እዪ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተራ በተራ የተሳለ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እያየ ላደገ ሰው ጭራሽ እንግዳ አይሆኑበትም። ታዲያ ያቺ ሴት ሠዓሊ ናት ወይስ ሰፊ? እኔ መለየት አልችልም፣ መለየትም አልፈልግም።

ፌይዝ ሪንጎልድን ደግሞ ተመልከቺ። ኒው ዮርክ ሃርለም የተወለደች ሠዓሊ ነበረች። የመጀመሪያ ኩዊልቷን በ1980 የሠራችው የልብስ ዲዛይነር ከነበረችው እናቷ ከዊሊ ፖሲ ጋር ነው። እናቷ በዓመቱ አረፈች። ሪንጎልድ ግን ቀጠለች፤ በ2024 በ93 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ዓለም በዋናነት የሚያውቃት በእነዚያ ሥዕልና ጽሑፍ በተቀላቀለባቸው ኩዊልቶቿ ነበር። ስለዚህ «አንዱን ምረጪ» የሚለውን ምክር በአክብሮት ወደ ጎን አድርጊው።

አሁን ወደ ብርሃኑ። በታኅሣሥ መጨረሻ ሴንት ፖል ላይ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ የምትገባው ደግሞ ከ4 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ። አጭር ቀን ነው፣ እውነት ነው። ግን ሺፍትሽን እዪው። ሥራ የምትገቢው 3 ሰዓት ላይ ነው። ያ ማለት ያለው ብርሃን ከሞላ ጎደል ያንቺ ነው። ከ9 እስከ 5 የሚሠራ ሰው ገና ሲነጋ ወጥቶ በጨለማ ይመለሳል፣ የቤቱን መስኮት በቀን የሚያየው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። አንቺ ግን ሌሊት ስትመለሺ እንቅልፍ እስኪመጣ ስልክ ላይ ትቆዪና ጠዋቱ በእንቅልፍ ያልፍ ይሆናል። ይህ ግምቴ ነው፤ የማታ ሺፍት የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ሲቸገሩበት አይቻለሁ። ከሆነ፣ ሙሉ ጠዋቱን አስተካክይ አልልሽም፣ መተኛትም አለብሽ። ከቁርስ በኋላ ግን አንድ ሰዓት በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጪ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን።

ሥራውንም እንደ ብርሃኑ ከፋፍይው። ቀለም መምረጥና ጨርቅ መቁረጥ የቀን ሥራ ነው። በቢጫ አምፖል ሥር ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አንድ ይመስላሉ፣ ጠዋት ስታይው ትበሳጫለሽ። የእጅ ስፌት ደግሞ የሌሊት ሥራ ነው። ከሥራ መጥተሽ እግርሽን ሰቅለሽ ኩዊልቱን ጭንሽ ላይ ዘርግተሽ ትንሽ ብትሰፊ፣ አእምሮሽም ይረጋጋል፣ ጉልበትሽም ይሞቃል። ለዚያ ሰዓት የሚሆን መብራት ግዢ። ካርቶኑ ላይ 5000 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የሚል፣ የቀለም ጥራቱም (ሲ.አር.አይ. ይሉታል) ከ90 በላይ የሆነ አምፖል ከሆነ ቀለሙን አይዋሽሽም። እንዲህ ያለ መብራት ግን ንቁ ያደርጋል፤ ከመተኛትሽ በፊት ወደ ለስላሳው ቀይሪው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በግልጽም መልሺልኝ፤ ለኔ ሳይሆን ለራስሽ። እጅሽ የሚታሰረው በብርዱ ብቻ ነው? ወይስ ከአልጋ መነሳት ያቅትሻል፣ ምግብ ያስጠላሻል ወይም ያለ ልክ ትበያለሽ፣ ያለ ምክንያት ታለቅሻለሽ? ክረምት ሲገባ ጠብቆ የሚመጣ ድብርት አለ። ሐኪሞች ያውቁታል፣ ሕክምናም አለው። ጠዋት ጠዋት ለ20 ወይም 30 ደቂቃ 10,000 ላክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጥ ልዩ መብራት ፊት መቀመጥ አንዱ ነው። ግን መጀመሪያ ሐኪምሽን አማክሪ፣ በተለይ የዓይን ችግር ወይም የምትወስጂው መድኃኒት ካለ። ሐዘንም ክረምትም አንድ ላይ ሲመጡ ከባድ ነው። ማንም «ቻዪው» ቢልሽ ዝም ብለሽ አትቻዪ።

ውጭ መሳል አይቻልም ያልሽው ግማሹ ልክ ነው። የውሃ ቀለም ይዘሽ ብትወጪ ብሩሹ ላይ በረዶ ይሠራል። እስክሪብቶም መጻፍ ያቆማል። እርሳስ ግን አይቀዘቅዝም። ጣት የሌለው ጓንት ከላይ፣ ስስ ጓንት ከሥር አድርጊና በቆምሽበት አምስት ደቂቃ ብቻ ሳዪ። ወይም ግሪን ላይን ባቡሩ ላይ ተቀምጠሽ ፌርማታ የሚጠብቁ ሰዎችን ንደፊ። የክረምት ልብስ የለበሰ ሰው ለመሳል ቀላል ነው፤ ትልቅ ቅርጽ፣ ጥቂት መስመር። ዛፎቹንም አትለፊያቸው። ቅጠል የሌለው ዛፍ አጥንቱ ይታያል፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ እንዴት እንደሚወጣ የምትማሪበት ጊዜ ይሄ ነው። በረዶውን አትሳዪው፣ ወረቀቱን ተይው። ጥላውን ብቻ ሳዪ፣ በረዶው ራሱ ይመጣል።

ሙቀት ከፈለግሽ ደግሞ እዚያው ከተማሽ ውስጥ አለ። ኮሞ ፓርክ ያለው የመስታወት ቤት ከ1915 ጀምሮ ክፍት ነው። መግቢያው ነፃ ነው፣ የምትችይውን መለገስ ትችያለሽ። ውጭ ከዜሮ በታች ሆኖ ውስጡ ዘንባባና ፈርን አረንጓዴ ነው። እርጥበቱ ወረቀትሽን ትንሽ ያላላዋል፣ ስለዚህ ወፍራም ወረቀት ያዢ። ጠዋት ሄደሽ ለሥራ መድረስ ትችያለሽ። ሚኒያፖሊስ ያለው የሥነ ጥበብ ሙዚየምም መግቢያው ነፃ ነው፤ በእርሳስ መሳል ይቻላል፤ ከአፍሪካ፣ ከእስያ የመጣ ጨርቅ ሲገኝ አጠገቡ ቆመሽ ድግግሞሹን ንደፊ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ደግሞ ቴክስታይል ሴንተር አለ። ስለ ሽመና፣ ማቅለም፣ ኩዊልት የተጻፉ መጻሕፍት የሞሉበት ላይብረሪ አለው። ካልሄድሽ ይቆጨኛል።

አሁን ዋናው ነገር። ሥዕሉንና ስፌቱን እንዴት እንደምታገናኚያቸው።

የክረምት ብርሃን ቀለም ይቀንሳል፣ ግራጫውን ያሳያል። ተጠቀሚበት። በእርሳስ ስትስዪ ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት ደረጃ ብቻ አድርጊ፤ ነጭ፣ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ፣ ጥቁር። ከዚያ ያሉሽን የጨርቅ ቁራጮች ሁሉ መሬት ላይ ዘርጊና በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። ቀይና አረንጓዴ ጨርቅሽ በግራጫ አንድ ዓይነት ሆነው ልታገኚያቸው ትችያለሽ፤ ኩዊልቱ «ደብዝዟል» የሚያስብለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ቁራጮቹን በአምስቱ ደረጃ ከፋፍለሽ በየከረጢቱ አስገቢ። አሁን የሳልሽው ትንሽ ንድፍ ካርታሽ ሆነ ማለት ነው። የዛፉ ግንድ ከአምስተኛው ከረጢት፣ የበረዶው ጥላ ከሁለተኛው። ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ደረጃው ልክ ከሆነ ሥዕሉ ይነበባል። ይህን አንዴ ካየሽ ደብተርሽንና የስፌት መኪናሽን ለየብቻ ማየት አትችዪም።

የተቆለሉት ኩዊልቶችን በተመለከተ፣ ሁሉንም ለመጨረስ አትማዪ። አንዱን ምረጪ። ቢቻል ትንሹን። ሦስቱን ንጣፍ፣ ማለትም የላዩን፣ የመሃሉን ጥጥና የሥሩን፣ ሳይሸራተት ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ማያያዙ ነው ሰውን የሚያሰለቸው። ያንን ብቻሽን አትሥሪው። እሁድ ሁለት ሦስት ሴቶች ቡና ጥሪ፣ ጠረጴዛውን ክበቡት፣ እንደ ደቦ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። መርፌ የማታውቀዋም ሰፋ ያለ ስፌት አያቅታትም። የድሮ አሜሪካውያን ኩዊልት ሰፊዎችም ብዙ ጊዜ ተሰብስበው ነበር የሚሠሩት፣ አዲስ ነገር አይደለም። ደግሞ የሚኔሶታን ክረምት ያለ ሰው ማሳለፍ አይመከርም።

እጅሽን ጠብቂ። ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፣ ጣት ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ጣት ደግሞ ክሩን ይይዛል፣ ጨርቁን በደም ይነካል። ቫዝሊኑን ግን ከስፌት በፊት አትቀቢ፣ ጨርቁ ላይ ቅባት ይቀራል። ስትተኚ ተቀብተሽ የጥጥ ጓንት አድርጊ።

ባለቤትሽ። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ የተነጫነጨው በስፌቱ ሳይሆን እራት የሚበላበት ቦታ ስላጣ ነው። በዚህ እሱን እደግፋለሁ። ጠረጴዛው ለምግብ ይመለስ። አንድ ክዳን ያለው ሳጥን ይኑርሽ፤ በአንድ ጊዜ የምትሠሪው ኩዊልት እዚያ ውስጥ ይግባ፣ የቀረው ቁም ሳጥን ውስጥ። አንድ ግድግዳ ግን ጠይቂው። ነጭ የፍላኔል ጨርቅ ግድግዳ ላይ ከሰቀልሽ ቁራጮቹ ያለ ሙጫ ይለጠፋሉ፣ ቆመሽ ከሩቅ ታያቸዋለሽ፣ ጠረጴዛ አያስፈልግሽም። ጠረጴዛ ሰጥቶ ግድግዳ መቀበል ፍትሐዊ ነው።

እሺ፣ ነጠላው።

አክስትሽ የተቆጣችው ስለምትወዳት እህቷ ይመስለኛል። አትናደጂባት። በእኛ ዘንድ የሟች ልብስ ለችግረኛ ይሰጣል፣ ለቤተሰብ ይከፋፈላል፣ ወይ ሻንጣ ውስጥ በክብር ይቀመጣል። ቆርጦ መስፋት አልተለመደም። ነገር ግን አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል ወንዝ የከበባት የገጠር መንደር አለች። እዚያ ያሉ ጥቁር ሴቶች፣ በባርነት የነበሩ ሰዎች የልጅ ልጆች፣ ብርድ በሚገባባቸው የእንጨት ቤቶች ውስጥ ቤተሰባቸውን ለማሞቅ ካረጀ ልብስ ኩዊልት ይሰፉ ነበር። ከእነሱ አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቆርጣ በ1942 ኩዊልት ሠራችበት። በሐዘኗ ውስጥ ከልብሱ ሥር መተኛት ፈለገች። ሥራውን የረዳቻት ልጇ አርሎንዚያ ነበረች። የዚያች መንደር ኩዊልቶች በ2002 በሂዩስተን ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ታዩ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አወጣላቸው። ለአክስትሽ ይህንን ንገሪያት። ሙዚየሙን ሳይሆን ሚዙሪን። ከፍቅር ብዛት የተቆረጠ ልብስ እንዳለ ትረዳ። መንፈሳዊ ጥያቄ ካለብሽ ደግሞ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ልብሽ ይረፍ።

ግን እንዲህ ስል ነገ ቁረጪው ማለቴ አይደለም። በዚህ ክረምት አትቁረጪው። ሳዪው።

ከሻንጣ አውጪው። ወንበር ላይ ጣል አድርጊውና መታጠፊያውን ሳዪ። ሌላ ቀን ጥለቱን ብቻ ከቅርብ ሳዪ፣ እያንዳንዱን መስቀልና መስመር። ሌላ ቀን ራስሽ ለብሰሽው በመስታወት ፊት ቁሚ። እናትሽ እንዴት እንደምታጣፋው ታስታውሺ ይሆናል፤ ለቤተ ክርስቲያን አንድ ዓይነት፣ ለለቅሶ ሌላ። እሱንም ሳዪ። ደብተሩ በእነዚህ ሲሞላ እጅሽ ነጠላውን ያውቀዋል። የትኛው ክፍሉ ለኩዊልቱ እንደሚሆን፣ የትኛው ፈጽሞ እንደማይነካ ከሥዕሎችሽ ታይዋለሽ። ምናልባትም መቁረጥ አያስፈልግሽ ይሆናል፤ ሥዕሎቹ ራሳቸው ወደ ጨርቅ ተለውጠው ኩዊልት ሊወጣቸው ይችላል። ያም ሙሉ ሥራ ነው።

መቁረጥ ከወሰንሽ ደግሞ ሥራውን እንወቀው። በእጅ የተሸመነ ነጠላ ስስና ልል ነው፣ እንደ ሱቅ ጨርቅ ብትቆርጪው ጠርዙ ይተረተራል። መጀመሪያ በሌላ አሮጌ ነጠላ ተለማመጂ። ከዚያ ሽታውን አስቢበት። ካጠብሽው የእናትሽ ጠረን ይሄዳል፣ እሱን መመለስ አይቻልም። ከአንዱ ጫፍ ያልታጠበ ቁራጭ አስቀሪ። የሚሰፋው ክፍል ግን በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠብ። ከመታጠቡ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥለቱ ላይ ተጫኚው፣ ቀለም ከለቀቀ ጥለቱን ለብቻው ያዢው። ከደረቀ በኋላ በጀርባው በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ፣ ሰፊዎቹ ኢንተርፌሲንግ የሚሉትን፣ ለጥፊበት። ያኔ ነው መቀስ የሚያርፍበት። ጥለቱ ላይ ወርቃማ ወይም ብርማ ክር ካለ ካውያውን ዝቅ አድርጊ፣ ከላይም ጨርቅ ጣይበት፤ ያ ክር ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ አለበት፣ ይቀልጣል። የስፌቱን ጠርዝ የኩዊልት ሰዎች ሩብ ኢንች ይተዋሉ፤ አንቺ ግማሽ ኢንች ተይ። ጥለቱ ወፍራም ስለሆነ ቆራርጠሽ አታጣምሪው፣ እንዳለ በረጅሙ ከላይ አንጥፈሽ በእጅ ስፊው። የመሃሉም ጥጥ ስስ ይሁን፣ ነጠላው ከባድ ነገር አይሸከምም።

የሚቆረጠውም ከአንዱ ወገን ብቻ ይሁን። ሌላው ጫፍ ከነጥለቱ ይቆይ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ በደብዳቤሽ ላይ ስላላየሁት ነው የማነሳው። ነጠላውን የላከችልሽ እህትሽ ናት። ለራሷ ማስቀረት ትችል ነበር። ምን አስቀረች? ምናልባት ምንም። መቀሱን ከማንሳትሽ በፊት ደውዪላት። ወስነሽ ለማሳወቅ ሳይሆን ለመጠየቅ። ሥዕሎቹን በስልክ ላኪላት፣ ያሰብሽውን አሳዪያት፣ «አንቺስ የቱ ክፍል እንዲቀመጥልሽ ትፈልጊያለሽ?» በያት። «አትንኪው» ካለች፣ ይህ ነጠላ የሁለታችሁም እናት ልብስ ነውና፣ አትንኪው። «እሺ» ካለች ግን ከአንድ ይልቅ ሁለት ትናንሽ ኩዊልት አስቢ፤ አንዱ ሴንት ፖል፣ አንዱ አዲስ አበባ። የሷን ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስታገኚ ላኪላት።